«ታፍኖ ነው ይላል መዝገቡ»

(በምሩቃን መገናኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ምን ትናገሪያለሽ?» ሲሉኝ «ስለ ጨቅላ ሕፃናት የመተንፈስ ችግርና ስለ ኮዱ» አልኳቸው። ስልኩ ትንሽ ዝም አለ። «ስለ ኮዱ?» አሉኝ። አዎ፣ ስለ ኮዱ። ከምሳ በኋላ የሚሰማ ርዕስ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንቅልፍ የወሰደው ቢኖር አልቀየምም። ግን ከዚህ ከጎንደር ተመርቄ ከወጣሁ ወዲህ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ውስጥ አሁንም ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ አንዱ በመርፌ ወይም በመድኃኒት የተሠራ አይደለም። በእስክሪብቶ የተሠራ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት እኔ የብቸና ልጅ ነኝ። በነርስነት ተመርቄ ሥራ የጀመርኩትም እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ነው። መንገዱን ለማታውቁት፣ ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል። ሁለቱም ከተሞች 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጡ ደጋዎች ናቸው፤ ወደ ምሥራቅ ሲሉ ግን ምድሩ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከፍታውን የማነሣው ለጌጥ አይደለም፤ ኋላ ይመጣል። የሠራሁባቸው ሆስፒታሎች ከአንድ በላይ ናቸው። ታሪኩ በየትኛው እንደ ደረሰ አልናገርም፤ በየትኛውም ሊደርስ ይችል ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞጣ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች ልጅ እግር ሴት፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ መስከረም 25 ቀን ወንድ ልጅ ወለደች። ክብደቱ 1,500 ግራም። አልቅሷል። አፕጋሩ በአንድ ደቂቃ 7፣ በአምስት ደቂቃ 8። አዋላጇ ተደስታ ነበር። ሰዓት ሳይሞላ ግን ማቃሰት ጀመረ፤ አፍንጫው ይርገበገባል፣ ደረቱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ስቆጥር በደቂቃ ከ70 በላይ ይተነፍሳል። ኦክስጅን ሰጠነው፣ አሞቅነው፣ አንቲባዮቲክ ጀመርንለት። በሁለተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል አረፈ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነበር፤ «ሬስፓይራቶሪ ዲስትረስ»።

እንግዲህ ወርሃዊ ሪፖርት በየወሩ በ20 ይዘጋል። ጥቅምት 20 ማታ፣ ሌሊት ተረኛ ሆኜ፣ በአንድ እጄ የሕፃናቱን መዝገብ፣ በሌላው ታሊውን ይዤ እቆጥራለሁ። ግድግዳችን ላይ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ በፕላስተር የተለጠፈ የኮድ ዝርዝር ነበረ። ሦስተኛው መስመር «የመተንፈስ ችግር፣ ፒ 21» ይላል። እኔም ካርዱን አየሁ፣ ግድግዳውን አየሁ፣ መዝገቡ ላይ «አስፊክሲያ» ብዬ ጻፍኩና ታሊው ላይ አንድ ጭረት ጨመርኩ። ሌሎችም ጭረቶች ነበሩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሕፃኑ አያት፣ የባልየው እናት፣ ከልጃቸው ጋር መጡ። ምራታቸው አልመጣችም። «እንደው ልጁን ምን አገኘው?» አሉኝ። መዝገቡን ገለጥኩና «እማማ፣ ታፍኖ ነው ይላል መዝገቡ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው «እንግዲያ በጡቷ ነዋ» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ያን ጊዜ ከማዋለጃ ክፍል ተጠራሁና ሄድኩ። ምን እንዳሉ የገባኝ በዓመቱ ነው።

እስኪ ቃሉን እንየው። «አስፊክሲያ» በግሪክኛ ሥሩ የልብ ትርታ ማጣት ማለት ነው። በሕክምና ስንጠቀምበት ደግሞ ከመወለዱ በፊት ወይም ሲወለድ ኦክስጅን አጥሮት፣ ሲወጣ ያልተነፈሰ ወይም የሚያጣጥር ልጅ ማለታችን ነው። «መታፈን» ግን በአማርኛችን አፋኝ አለው። ብርድ ልብስ ያፍናል፣ ጭስ ያፍናል፣ እጅ ያፍናል፣ እንቅልፍ የጣላት እናት ጡት ያፍናል። እኔ አንድ የጤና ቃል የተረጎምኩ መስሎኝ ነበር። ለአያቲቱ ግን የነገርኳቸው ማን እንዳደረገው ነው። ያቺ ልጅ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ጡቷን አልባ ለመስጠት ወደ ክፍሉ ትገባ ነበር።

አሁን ወደ ኮዱ ልግባ፤ መምህራኖቼ ታግሣችሁ ስሙኝ። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ፣ አይሲዲ 10 በምንለው፣ የጨቅላ ሕፃን ትንፋሽ አንድ መስመር ላይ አልተጻፈም። ፒ 21 ሲወለድ የታፈነ ነው። ፒ 22.0 ሳንባው ሳይደርስ የተወለደ፣ ማለትም የአየር ከረጢቶቹን ከመጣበቅ የሚጠብቀው ሰርፋክታንት የተባለው ቅባት ያልበቃው ነው። ፒ 22.1 ሳንባው ውስጥ የቀረው ውሃ ቶሎ ያልደረቀለት ነው፤ በኦፕራሲዮን በተወለዱት ላይ የምናየው፣ በሁለት ሦስት ቀን የሚያልፈው። ፒ 23 በተወለደበት ሰሞን የያዘው የሳንባ ምች፣ ፒ 24.0 የራሱን ዓይነ ምድር ወደ ሳንባው የሳበ፣ ፒ 28.4 ትንፋሹ እየቆመ የሚቀጥል። ለማያውቅ ሁሉም «መተንፈስ አቃተው» ነው። አባትም፣ አያትም፣ አንዳንዴም ካርድ የሚሞላው ሐኪም እንዲህ ይላል። ማቃሰቱና የደረቱ መሰርጎድ ግን ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። «ትኩሳት ገደለው» ብሎ እንደ መጻፍ ያለ ነው።

ደንቡን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ፒ 21 ሥር አንዲት ማስታወሻ አለች፤ አስፊክሲያ ወይም ሌላ የትንፋሽ ችግር ሳይጠቀስ አፕጋሩ ዝቅ ስላለ ብቻ ይህን ኮድ አትጠቀሙ ትላለች። ያ ልጅ ደግሞ አፕጋሩም አልወረደ፤ ሲወለድ አልቅሷል። ሌላም አለ። በሁለተኛው የአይሲዲ ቅጽ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ሞት የምስክር ወረቀት የተጻፈው፣ የልብ መድከምን፣ መታፈንንና የኦክስጅን ማጠርን የሞት መንገድ ይላቸዋል፤ ስለ ሕፃኑ የሚታወቀው እሱ ብቻ ካልሆነ በቀር በመጀመሪያው መስመር አይጻፉ ይላል። ያለ ጊዜ መወለድንም እንዲሁ። በዚያው ወረቀት ላይ ለእናትየው ሕመም የተለየ መስመር አለ። ከልጁ መስመር እኩል ቦታ ተሰጥቶታል። በአምስት ዓመት ውስጥ ያ መስመር ተሞልቶ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ያለፈው የእኛ ትውልድ ይህን ወረቀት ክፍል ውስጥ አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም። ስለ ደም ግፊትና ስለ እንሽርት ውሃ ያለ ቀኑ መፍሰስ ግን ሌሊቱን ሙሉ አጥንተናል።

ስም ምን ያደርጋል ለምትሉ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልንገራችሁ። በ1959 እ.ኤ.አ. ሜሪ ኤለን ኤቨሪ የምትባል ሐኪም ከጄሬ ሚድ ጋር ሆና፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው እያቃሰቱ የሚሞቱት ሕፃናት ሳንባ ያ ቅባት የጎደለው መሆኑን አሳየች። በ1963 ነሐሴ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወለደ፤ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። የአሜሪካ ሀብት ሁሉ በደጁ ቆሞ በ39 ሰዓቱ ሞተ። ጋዜጦቹ ግን በሽታውን በስሙ ጠሩት። በ1971 ጆርጅ ግሪጎሪ ያለማቋረጥ ግፊት የሚሰጠውን ሲፓፕን ለእነዚህ ሕፃናት አዋለ፤ በ1980 በጃፓን ፉጂዋራ ሰርፋክታንቱን ራሱን ሰጥቶ አሳየ። የፓትሪክ ካርድ «ታፍኖ ነው» ብሎ ቢዘጋ ኖሮ ማን ይህን ይፈልግ ነበር?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከሐምሌ 2016 እስከ ግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በአምስት ሆስፒታሎች ማለትም በዚሁ በጎንደር፣ በጅማ፣ በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስና በጋንዲ መታሰቢያ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ተጠንቶ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ አንዳንዶቻችሁ በሥራው ላይ ነበራችሁ፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ብትናገሩ ይሻል ነበር። ውጤቱ በ2019 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ወጥቷል። ክፍሉ ገብተው ከሞቱት 1,109 ሕፃናት 45 በመቶው የሞቱት ሳንባቸው ባለመድረሱ ነው። 30 በመቶው በኢንፌክሽን። በመታፈን የሞቱት 14 በመቶ ናቸው። ጽሑፉን በስልኬ ያነበብኩት ሞጣ መናኸሪያ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር። አነበብኩና የግድግዳችን ሦስተኛ መስመር ትዝ አለኝ። እነዚያ ሐኪሞች ራጅና ላቦራቶሪ ነበራቸው፣ ከቤተሰብ ፈቃድ ሲያገኙ ከሞት በኋላም መርምረዋል። እኛ አልነበረንም። ነገር ግን የእኛን ልጅ ከፒ 21 ለማውጣት ራጅ አያስፈልግም ነበር። ሚዛንና አፕጋር ይበቁ ነበር፤ ሁለቱም ካርዱ ላይ ነበሩ።

ሳምንቱም ነበረ። የእርግዝና ክትትል ካርዷን ኋላ ፈልጌ አገኘሁት። መጨረሻ የወር አበባዋን ያየችበትን ቀን ስትጠየቅ «ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት» ብላለች፤ የካቲት 16 መሆኑ ነው። የጎጃም እናት ቀን አታውቅም የሚል ሰው አግኝቼ አውቃለሁ። ቀን ታውቃለች፤ በእኛ አቆጣጠር ያልሆነ እንደሆነ ነው እንጂ። እንቁጠር እስኪ፤ ዘጠኝ ወር ጨምሩ፣ አሥር ቀን ጨምሩ፤ ጳጉሜን ካለፈች ግን አሥሩ አምስት ይሆናል። ኅዳር 21 ይመጣል፣ ኅዳር ጽዮን። ልጁ መስከረም 25 መጣ። ስምንት ሳምንት ቀድሟል፤ 32 ሳምንት። ይህን ለመቁጠር ኪዳነ ምሕረትና ጽዮን በቂ ናቸው።

«ታዲያ ኮዱ ቢስተካከል ልጁ ይድን ነበር ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ያ ልጅ አይድንም፤ ኮድ የሚጻፈው ከሞተ በኋላ ነው። የሚቀጥለው ግን በኮዱ ላይ ይወድቃል። ወረዳውም ዞኑም የሚያዩት አስፊክሲያ ብቻ ከሆነ የሚልኩልን አምቡ ባግና ማስተንፈሻ ሥልጠና ነው። ሥልጠናው መልካም ነው፤ በእሱ ያስነሣናቸው ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው። ሳንባው ላልደረሰው የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው። ለእናቲቱ ከመውለዷ በፊት ዴክሳሜታዞን፣ ለልጁ ሙቀትና ሲፓፕ። ባብል ሲፓፕ እንደ ስሙ የሚያስፈራ አይደለም፤ የመተንፈሻው ቱቦ ጫፍ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ካስገባችሁት ግፊቱ አምስት ነው፣ ይንጣጣል። ዴክሳሜታዞኑ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2015 በስድስት አገሮች የተደረገው ትልቅ ጥናት፣ ሳምንቱ በደንብ ሳይታወቅ በስፋት ሲሰጥ የሕፃናት ሞት ጨምሮ መታየቱን አሳይቷል፤ በ2020 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ደግሞ ሳምንቱ በአልትራሳውንድ ታውቆ፣ እንክብካቤ ባለበት ሆስፒታል ሲሰጥ ሞትን እንደሚቀንስ። ነገሩ ሁሉ ተመልሶ ሳምንት ላይ ያርፋል።

ከፍታውን አልረሳሁትም። በእኛ ደጋ ጤነኛ ልጅም ቢሆን ኦክሲሜትሩ ላይ የሚያሳየው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ካለ ልጅ ያንሳል። መመሪያው የተጻፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለቆላ ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በደንብ ጡት እየጠባ ያለን ልጅ ቁጥሩ ስላነሰ ብቻ «የመተንፈስ አቅም ማጣት» ተብሎ ኮድ ሲሰጠው አይቻለሁ። ተቃራኒውም አለ፤ ከአባይ ሸለቆ ሽቅብ ሲመጡ መንገድ ላይ የተወለደ ልጅ በርዶት ይደርሳል። የበረደው ልጅም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ለብርዱ የራሱ ኮድ አለው፣ ፒ 80፤ ማንም አይጽፈውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር መጣ። «ሬስፓይራቶሪ ዲስትረስ ሲንድረም» ብላችሁ ስትፈልጉ ጄ 80 ሊወጣላችሁ ይችላል። እሱ የአዋቂ ነው። የሁለት ቀን ልጅ በጄ 80 ሞቶ ሪፖርት ሲገባ ሥርዓቱ «ተቀብያለሁ» ይላል። ከ2022 ጥር ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አይሲዲ 11 እየመጣ ነው፤ እዚያ አስፊክሲያ ኬቢ 21፣ የጨቅላው የመተንፈስ ጭንቀት ኬቢ 23 ነው። ፊደሉ ተቀየረ፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው ካልተቀየረ አሮጌውን ስሕተት በአዲስ ፊደል እናስገባለን።

መምህራኖቼን የምለምነው ትንሽ ነው። ተማሪዎቻችሁ ወደ ገጠር ለቡድን ሥልጠና ሲወጡ፣ ይህ ተቋም ከተመሠረተ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀበት ነውና፣ አንድ ቀን መዝገብ ክፍል አስቀምጧቸው። ያለፈውን ወር የሞቱ ሕፃናት ካርድ ያውጡ። ክብደት፣ ሳምንት፣ አፕጋር፣ ሲወለድ አለቀሰ ወይ፣ ማቃሰቱ መቼ ጀመረ፤ እነዚህን አምስት ብቻ ይፈልጉ። ከዚያ የተጻፈውን ኮድ ይዩ። ሁለተኛው ልመናዬ፣ ውጤቱን ለአያት በአማርኛ ይንገሩ፣ እናንተም ቆማችሁ ስሙ። «ሳንባው ሳይበስል ነው የተወለደው» የሚለውን ለማለት እኔ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያቺ ሴት በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሆና መጣች። ለክትትል ነበር የመጣችው። ካርድ ክፍል በር ላይ አገኘችኝና «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጭኝ» አለችኝ። «ተኝቼ ጡት የሰጠሁት አይመስለኝም። ቁጭ ብዬ ነበር። ግን እንቅልፍ ወስዶኝ ከሆነስ?»

ምን እንደምትጠይቀኝ መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ወንበር ፈለግሁ። ጡትዋን አልባ በቱቦ ነበር የምትሰጠው፤ ልጁ ደረቷ ላይ እንኳ አላረፈም። በእጇ ልትገድለው የምትችልበት አንዲት ደቂቃ አልነበረችም። ይህን ነገርኳት። አላመነችኝም። ለምን ታምነኛለች? «ታፍኖ ነው» ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።

ካርዱን አውጥቼ ወደ ሐኪሙ ወሰድኩት። ክብደቱን፣ ሳምንቱን፣ አፕጋሩን አየ። «የሳንባ ምች አልነበረም ብዬ አልምልም፤ መታፈን ግን አይደለም» አለ። «አስፊክሲያ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ፒ 22.0 እና ፒ 07.1 ጻፈበት፤ ቀኑን አስገባ፣ ፈረመ። በአዲሱ የክትትል ካርዷ ላይ «የቀድሞው ያለ ጊዜው ተወልዶ አረፈ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። እስከዚያ ድረስ የሰጧት ምክር «በዚህኛው ጤና ተቋም ውለጂ» ነበር። የመጀመሪያውንም የወለደችው ጤና ተቋም ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አማቷን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት፤ መጡ። ካርዱን ዘርግቼ በጣቴ እያሳየሁ ተናገርኩ፤ ኪዳነ ምሕረትን፣ ጽዮንን፣ የቀሩትን ስምንት ሳምንታት። አያቲቱ በጣታቸው አብረውኝ ቆጠሩ። «እንግዲያ ማንም አላፈነውም?» አሉ። «ማንም አላፈነውም፣ እማማ። ስሕተቱ የእኔ ነው።» ምራታቸውን አላዩም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ። ቤታቸው ገብተው ምን እንዳሏት አላውቅም።

ሁለተኛዋ በጊዜዋ መጣች፣ ሴት፣ ሦስት ኪሎ። ዴክሳሜታዞንም ሲፓፕም አላስፈለጋትም። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ልጅቱን ከጎኗ አላስተኛቻትም፤ በራቀው የአልጋ ጫፍ በትራስ ከልላ አስቀምጣ እሷ ቁጭ ብላ አድራለች። «ነግሬሻለሁ እኮ» አልኳት። «ነግረሽኛል፣ ሲስተር» አለችኝ።

ሪፖርቱንም ላስተካክለው ሞክሬ ነበር። የመረጃ ባለሙያው ጋ ደውዬ የጥቅምቱን ሪፖርት፣ አስፊክሲያ ከሚለው አንዱን ቀንሶ ወደ ሌላው መስመር እንዲያዞርልኝ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ ልል አልችልም፤ ጨዋ ልጅ ነው። «ያለፈው በጀት ዓመት እኮ ነው፣ ሲስተር። ተቆልፏል» አለኝ።